በጉለሌ ዳገት ሻይ ሲፈላ

ከስድስት ኪሎ ተነሥተው፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፈው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲያቀኑ መንገዱ ዳገት መሆኑን ጉልበትዎ ራሱ ይነግርዎታል። ግራና ቀኝ የተሰቀለው የአገር ልብስ ጥለቱ ዓይን ይስባል፤ ለዛሬው ግን ዋጋ ሳንጠይቅ እንለፈው። ከሱቆቹ በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ከዚያ ጫካ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጐብጦ የሚወርዱት ሴቶች ለረጅም ዘመን የዚህ መንገድ መታወቂያ ሆነው ኖረዋል። ያ ሸክም መድረሻው የከተማው ምጣድና በራድ ሥር ነው። ስለ ሻይ ስናወራ ማገዶውን መርሳት የሌለብንም ስለዚህ ነው።

ብርድ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው ሳለ ብርዱና የማገዶው እጥረት ኑሮውን አክብዶት ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ ስትቈረቈር ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው እንደ ነበር ይነገራል። ባሕር ዛፉም ኋላ የመጣው የማገዶውን ችግር ለማቃለል ነው። እንግዲህ በዚህ ዳገት የሚኖር ቤተሰብ ጠዋት ሲነሣ ትኩስ ነገር ቢሻ የሚደንቅ አይሆንም።

ይሁንና የጉለሌ በራድ ከቈላ በራድ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቍጥር የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ግድም ይቀንሳል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውኃ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነችው ሽሮ ሜዳ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይንተከተካል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ዓይን የሚያየው ያንኑ መንተክተክ ነው፤ ሙቀቱ ግን አንሷል። ቅመሙ ጣዕሙን ለመልቀቅ፣ ባቄላውም ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ድሬዳዋ ያለችው እኅትዎ ሻይዋ ቶሎ ደርሶላት የእርስዎ ቢዘገይ ባለሙያነትዎን አይጠራጠሩ።

የቤታችን የሻይ ቅመም ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ነው። ሦስቱም ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ናቸው። የእኛው ኮረሪማ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን የሚገኝ የሄል ዘመድ ሲሆን፣ ሻይ ውስጥ ቢገባ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ይህ ዓምድ የሚያደላው ለእርሱ ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ ጣት የምታህል ቀረፋ፣ አራት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ሦስት ፍሬ ሄል ወይም በአንድ ኮረሪማ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች፣ ከቍራጭ ዝንጅብል ጋር ይበቃሉ። ቅርንፉድ ሲበዛ ምላስ ያደነዝዛል። ቅመሙን በሙቀጫ ሰበር ሰበር ያድርጉት እንጂ አያልሙት፤ ዱቄት ከሆነ ሻዩ ይደፈርሳል። ከዚያም በራዱን ከድነው አሥር ደቂቃ ያህል ያፍሉት። መስበሩም መክደኑም ከሰል ይቈጥባል።

ሻይ ቅጠሉን ከቅመሙ ጋር አብሮ መቀቀል የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ሻዩ የሚመረውም በዚህ ነው። የውሽውሽም ይሁን የጉመሮ ቅጠል፣ በራዱን ከእሳት ካወረዱ በኋላ ጨምረው አራት ወይም አምስት ደቂቃ ከድነው ያቈዩት። ታዲያ ቅጠሉ ከመግባቱ በፊት ግማሹን የቅመም ውኃ ለብቻው ይቅዱ።

ይህን የምንለው በመጀመሪያ ስለ ልጆች ነው። በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን፣ ሰውነት ከምስር፣ ከሽሮና ከእንጀራ የሚያገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። የብረት እጥረት ደግሞ ደም ማነስ ያስከትላል፤ ይበልጥ የሚጐዱትም ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። በየጠዋቱ ዳቦ በሻይ በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሮጠው ልጅ ዳቦውን ቅጠል ባልነካው የቅመም ውኃ ቢያቀርቡለት ሙቀቱም ጣዕሙም አይጐድልበትም። አዋቂውም ቢሆን ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቆ ቢጠጣ ይመረጣል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህን ነገር ቸል አይበሉት።

ሁለተኛው ምክንያት ጁስ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ ልጆች ጁስ ቤት ያዩትን ስፕሪስ ይጠይቃሉ። ማንጎውና አቮካዶው ከአዲሱ ገበያ ይገኛል፤ ጭንቁ ያለው ውኃውና በረዶው ላይ ነው። ብርድ ብዙውን ተሕዋስ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ያልፈላ ውኃ በፍሪጅ በረዶ ቢሆን፣ ተቅማጥ የሚያመጣው ተሕዋስ በረዶው ሲቀልጥ አብሮ ሊነቃ ይችላል። የጤና ባለሙያዎች ውኃ በዝቅተኛ ቦታ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ይመክራሉ። ጉለሌ ከሁለተኛው ወገን ናት። አሥር ደቂቃ የፈላው የቅመም ውኃዎ ይህን ፈተና አልፏል።

እንግዲህ ያቀዝቅዙትና ከፊሉን በበረዶ መሥሪያው ያኑሩት። በቀረው ማንጎውን በጁስ ማሽን ይምቱት፤ ከዚያ በረዶውን ጨምረው ይድገሙት። ማንጎ ከሄልና ከዝንጅብል ጋር ይስማማል። ፓፓያ ሎሚ ይፈልጋል። አቮካዶና ቅርንፉድ ግን ባለጋራዎች ናቸውና አቮካዶውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይምቱት፤ ሎሚ ጠብ ካደረጉበት ቶሎ አይጠቁርም። ፍሬውን ከመላጥዎ በፊት ይጠቡት፤ አለዚያ ቢላዋው የልጣጩን እድፍ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። በስኳር ፈንታ ማር የሚጨምሩ ካሉ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ማሽን ከሌለዎት በደንብ የበሰለ ማንጎ በሹካ ደፍጥጠው፣ በማጥለያ አሳልፈው በቅመም ውኃው ቢያቀጥኑት ያው ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የቅመም ውኃውን ስኳር ሳይነካው፣ እንደ ተከደነ ማታ መስኮቱ ሥር ያሳድሩት። ከእንጦጦ የሚወርደው ሌሊት ሥራውን ያውቃል፤ ጠዋት ሲነሡ በራዱ እጅ ያቀዘቅዛል።