በቅሎ እያለች

ጥፋቱ የአንድ የፈረንጅ መጽሔት ነው። ገጹ ላይ አንድ ጎረምሳ ቤቱን በጀርባው አዝሎ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። እኛም አራት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች እንደሱ መሳቅ አማረን። በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ሰሜን ተራሮችን ልንወጣ፣ ያውም በቅሎ ሳንከራይ፣ ደባርቅ ገባን።

የእኔ ሻንጣ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የድንኳን ሸራ የተሰፋ ነበር። እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ሲወጣ 23 ኪሎ! ቡታጋዝ ከነላምባው፣ ሦስት ኪሎ ድፍን ምስር፣ በሶ፣ ብርድ ልብስ፣ ቴፕ ከነስድስት ድንጋዩ። ካልሲ? አንድ ጥንድ። ፓርኩ የመደበልን ጠባቂ፣ ስካውታችን፣ ክላሻቸውን አንግተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በኮንጎ ጫማ ዙሪያችንን ዞሩን። እንደ ሐዘንተኛ እያዩን፣ «እናንት ልጆች፣ በቅሎ እያለች ሰው ይሸከማል? ምን በድላችሁ ነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ጉዞ አንዷ ቀን እስካሁን ታስቀኛለች፤ ከግጭ ተነሥተን ጨነቅ የገባንባት። ሌሊቱን ድንኳኑ ላይ አመዳይ ጋግሮ ስለነበር ጠዋት ስናጥፈው እንደ ደረቅ ቂጣ ይንኮሻኮሽ ነበር። ግጭ ያኔ መንደር ነች። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ሕፃናቱ የሱፍ ቆብ ይዘው ይሯሯጣሉ፣ ከአንዱ ጎጆ የቡና ጭስ ይወጣል። ሁለት ስኒ ጠጥተን፣ ጀግና ሆነን ተነሣን። ጀግንነቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ።

መንገዱ በጓሳውና በጅብራው መሐል እየተጠማዘዘ እመት ጎጎ ያደርሳል። 3,926 ሜትር ነው፤ በሦስት በኩል ገደል፣ ከገደሉ በታች ደግሞ ሌላ አገር፣ ሰማያዊ ሸንተረር በሸንተረር ላይ። ገደሉ ውስጥ ያደሩት ጭላዳዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ፣ ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ለፀሐይ ሰጥተው ተቀመጡና ሳር መንጨት ጀመሩ። ከሠላሳ የማያንሱ ናቸው፤ እኛን ከምንም አልቆጠሩንም። አንዱ ጓደኛችን «ይኸው! እነሱም አልተሸከሙም!» ብሎ መሬት ላይ ተዘረጋ። በቃ፣ ሳቁ ያዘን። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይጀምራል። ስካውቱ ጭንቅላታቸውን እያወዛወዙ «ከፍታው ነው» አሉ። ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ያለው ተራራ እናትዬ ይባላል፤ 4,070 ሜትር። ስሙ ልክ ነው፤ ሲወጡት ሌላ የሚጠሩት ስም የለም። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሲሶ በላይ ስለሚቀንስ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ ማለት አያዋጣም። አሥር እርምጃ፣ ዕረፍት። ሰባት እርምጃ፣ ዕረፍት። ስካውቱ ከፊት ሆነው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ይጠብቁናል፤ ስንደርስ ይነሣሉ። ከዚህ የከፋ ጭካኔ በሕይወቴ አላየሁም!

ጨነቅ ስንገባ ፀሐይ ጠልቃለች። ሻንጣዬን ስፈታ የላምባው ክዳን ላልቶ በሶው ውስጥ ገብቷል። የቀረን ምስር ነው። ጣድነው። ፈላ፣ ፈላ፣ ፈላ፤ ምስሩ ግን ጠጠር እንደሆነ ቀረ። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ከአራታችን አንዱም አላሰበም፤ ሁለታችን ደግሞ የፊዚክስ ተማሪዎች ነበርን። ስካውቱ ዝም ብለው ከጋቢያቸው ሥር የገብስ ቂጣ አወጡና ለአምስት ቆረሱት።

አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በ2012 ጥቅምት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ይዤ ተመለስኩ። እኔ ትምህርት ቤት ራስ ዳሸን 4,620 ሜትር ነው ብዬ ሸምድጄ ነበር፤ የእሷ መጽሐፍ 4,550 ይላል። ተራራው በ70 ሜትር አጥሯል፤ እኔ በወገብ የጨመርኩትን አልናገርም።

ግጭ ላይ መንደሩ የለም። ነዋሪዎቹ ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ቡናው ይጨስበት የነበረው ቦታ ሳር ሆኗል። ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰፈረበት አደጋ የተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ እሰየው ነው። ቢሆንም ቡናው ትዝ አለኝና ትንሽ ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ጠራችኝ። የእሷ ድንኳን የእኔን የድሮ ቡታጋዝ ያህል እንኳ አይከብድም፤ በእጇ ሁለት ምርኩዝ፣ በሻንጣዋ አምስት ጥንድ ካልሲ። እኔ? እኔማ በቅሎ ተከራይቻለሁ! እሷ ግን «አባዬ፣ የራሴን ራሴ ነው የምሸከመው» ብላ እምቢ አለች። አዲሱ ስካውት ወጣት ነው፤ ኮንጎ ጫማው ግን ያው ነው። ሻንጣዋን ዐይቶ «ልጅት፣ በቅሎ እያለች?» ሲላት ከሳቅ ብዛት ኮርቻውን ተደገፍኩ።

እናትዬ ላይ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስደርስ ተነሣች።

ማታ ጨነቅ ላይ ትንሿን የጋዝ ምድጃ ለኮሰችና ከሻንጣዋ አንድ ከረጢት አወጣች። ምስር! ድፍን! የአባቷን ታሪክ አላመነችም፤ የኩሽና ቴርሞሜትር ሳይቀር ይዛ መጥታለች። ውሃው ሲንተከተክ ነከረችው፤ 88። ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ምስሩ ከምሽቱ 3 ሰዓትም አልበሰለም። ራታችንን የበቅሎ ነጂው የገብስ ቂጣ በላን።