ኮሮላችን ጡረታ የምትወጣው መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ቤታችን ውስጥ ከባድ ስብሰባ ተቀምጠን ነበር። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ ኮሮላዋ ትሸጥ ወይስ አትሸጥ? ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሁለት ጊዜ ቡና ተፈላ፣ አንድ ጊዜ ተኮራረፍን።

«እኛ» የምንለው ሦስት ወንድምና እህት ነን። ታላቃችን ሜሪላንድ ስለሚኖር ስብሰባውን የተካፈለው በስልክ ነው። ሁለታችን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዛሬም አባባና እማዬ ቤት እንበላለን። መቼም የከተማችንን የቤት ኪራይ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይፈርድብንም።

ኮሮላዋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 የተሠራች፣ የመኪና ሰው «ዲኤክስ» የሚላት ዓይነት ናት። አባባ በ1989 ዓ.ም. ሲገዟት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ታናሻችን ያኔ ገና አልተወለደችም፤ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችውም በእሷው ነው። ስለዚህ መኪናዋ አርባ ዓመት ሲሞላት ሃያ ስምንቱን ከእኛ ጋር ኖራለች። እኛ ቤት ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አባባና እማዬ።

ስብሰባውን ያስጠራው ፍሬን ነው።

ታናሻችን አንድ እሁድ ጠዋት እማዬን ከእንጦጦ ማርያም ይዛ ትመለሳለች። ያንን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መሀል ላይ ፍሬኑን ስትረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ደግማ ረገጠች፤ ያው ነው። እማዬ «ቀስ በይ እንጂ!» ትላለች፣ እሷ መልስ የላትም። ማርሽ ቀነሰች፣ እንደገና ቀነሰች፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና የመንገዱን ጠርዝ እየፋቀች ቆመች። ከፊት ለፊት እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዱ ነበር። በመሀላቸው የቀረው ርቀት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ማንም አልተጎዳም። እማዬ ወርዳ መሬት ስማ፣ በእግሯ ወደ ማርያም ተመለሰች።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም አልደነቀውም። የፍሬን ፖምፓው ጎሚኒ አልቋል፣ ዘይቱ ፈሷል፣ በቃ። «ይኼ እኮ ዱሮ መቀየር የነበረበት ነው» አለ። ቦሎ ከተለጠፈላት ገና አራት ወሯ ነበር። ለነገሩ ምርመራ የሚያየው የዚያን ቀን ውሎሽን ነው፤ ከአራት ወር በኋላ ጎሚኒው ምን እንደሚሆን አይነግርሽም።

እናም ተሰበሰብን።

መጀመሪያ የተናገረው ታላቃችን ነው። «እኔ መኪናዬን በየሦስት ዓመቱ እቀይራለሁ። ሊዝ ነው። ሦስት ዓመት እነዳለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ሌላ እይዛለሁ» አለ። አባባ ሊዝ የሚባለውን የሚያውቁት በመሬት ነው። «ታዲያ የማን ናት መኪናዋ?» ብለው ጠየቁ። «የኩባንያው ናት።» «እና አንተ በሰው መኪና ነው ሃያ ዓመት ሙሉ የምትነዳው?» እዚህ ላይ ስብሰባው ለአሥር ደቂቃ በሳቅ ተቋረጠ።

ደግሞ ወንድማችን እንዳለው አይደለም። አሜሪካ ሁሉም ሰው በሦስት ዓመት መኪና አይቀይርም። እዚያ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች አማካይ ዕድሜ ከ12 ዓመት አልፏል፣ በየዓመቱም እየጨመረ ነው። አውሮፓም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መኪና ሲወደድ ፈረንጅም እንደ አባባ ይሆናል ማለት ነው።

ቶሎ በመቀየር ስሟ የሚነሳው ጃፓን ናት። እዚያ አዲስ የቤት መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ጥብቅና ውድ ምርመራ አለበት። ብዙ ሰው ለምርመራውና ለጥገናው ከሚከፍል መኪናውን ሸጦ ይገላገላል። የተሸጠውም አይሞትም፣ መርከብ ይሳፈራል። ከተማችንን ያጥለቀለቀችው ቪትስ ታሪኳ ይኸው ነው። ጃፓን «አረጀሽ» ብላ የሸኘቻትን እኛ «አዲስ ገባች» ብለን ተቀበልናት፤ አንዳንዷም መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮላት ነው የመጣችው። እነሱ የሚጨርሱበት ዓመት ለእኛ የመጀመሪያው ነው።

ይሄ ሰንሰለት ደግሞ እኛ ጋ ሲደርስ ተበጠሰ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለና ሞተሩ ትልቅ የሆነ መኪና እስከ 500 በመቶ ይደርስበታል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐሳቡ ይገባናል። የአሮጌ መኪና ጭስ የሚገባው የእኛው ሳምባ ውስጥ ነው፤ ነዳጅ የሚገዛውም በዶላር ነው። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ሊትር 100 ብርን ሲሻገር እኛም ከማደያው ተሰልፈን አይተነዋል። ነገር ግን አሮጌ እንዳይገባ በር ሲዘጋ፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ ከቤት አይወጣም። ይልቅስ ይወደዳል።

ይህን ያረጋገጠልን ደላላው ነው። አባባ ኮሮላዋን የገዟት 45 ሺህ ብር ነው። ደላላው አንዴ ዞር ዞር ብሎ አያትና «550 ሺህ ዛሬውኑ» አለ። ፍሬን የሌላትን መኪና! አባባ ደረታቸውን ነፉ፤ «አያችሁ? መኪና አይደለችም፣ ባንክ ናት።» ታናሻችን ስልኳን አውጥታ አሰላችው። በ1989 አንድ ዶላር ከ7 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ከ120 በላይ። በብር አሥራ ሁለት እጥፍ ያደገችው ኮሮላ በዶላር ሲሰላ ከነበራት ዋጋ ሲሶውን አጥታለች። ያደገችው መኪናዋ አይደለችም፤ ብሩ ነው የከሳው። አባባ ስልኳን ተቀብለው ቁጥሩን ደጋግመው አዩና ዝም አሉ።

ቀጥለው ደብተሩን አመጡ።

ደብተሩ እንዳለ እናውቅ ነበር፤ ገልጠነው ግን አናውቅም። አባባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለመኪናዋ ያወጡትን እያንዳንዱን ሳንቲም ጽፈዋል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ሞተር የወረደበት ቀን፣ ሁለት ጊዜ ከሶማሌ ተራ «የራሳችን ሳይሆን አይቀርም» ብለው የገዙት የተሰረቀ ስፖኪዮ ሳይቀር። «ይኸው፣ ጠብቄ ነው የያዝኳት» ሊሉን ነበር ያመጡት። እኛ ግን ሌላ ነገር አነበብን።

የፍሬን ዕቃ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ጎኑ ላይ በቅንፍ «አሮጌ» የሚል አለ። ፖምፓ (አሮጌ)። የፊት ፍሬን (አሮጌ)። ቱቦ (አሮጌ)። ያገለገለ ዕቃ ከሌላ መኪና ተፈትቶ የኛዋ ላይ ታስሯል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ያለው ገጽ የሦስታችንም የትምህርት ቤት ክፍያ ሒሳብ አለበት፤ ከሥሩ «ፍሬን፦ ይቆይ» ይላል። በ2000 ዓ.ም. ገጽ ላይ «ቪትስ» ተብሎ አንድ ዋጋ ተጽፎ ተሠርዟል። ታላቃችን አሜሪካ የሄደው በዚያ ዓመት ነው። የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደከፈለ እስከዚያ ቀን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም።

«ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«ምኑን? መኪና አልቀየርኩም ብዬ ልንገር?»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። አባባ ጀግና፣ እኛ አመስጋኝ፣ ኮሮላዋ ሐውልት። ደብተሩ ግን አንድ ገጽ ይቀረዋል። በ2009 ዓ.ም. የመካከለኛዋ ሠርግ ነበር። ሠርጉ ሲደርስ ኮሮላዋ ባትራላሜራ ገብታ፣ ስቱኮ ተመርጋ፣ ሙሉ ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ለብሰው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። የዚያ ወር ወጪ በደብተሩ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው። በዚያው ወር ደግሞ እንዲህ ተጽፏል፦ «የኋላ ፍሬን (አሮጌ)»።

ለቀለሙ የጎተጎትናቸው እኛ ነን። «አባባ፣ በዚህች ዝገት ሙሽራ ይታጀባል እንዴ?» ያልነው እኛ ነን። ስለ ፍሬኑ ማናችንም አልጠየቅንም፤ ፍሬን ፎቶ ላይ አይወጣማ!

ስብሰባው የተለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄው «ስንት ዓመቷ ነው?» መሆኑ ቀረ። ወረቀት አውጥተን የመኪናን ብልሽት ለሁለት ከፈልነው፤ የሚያሳፍር ብልሽትና የሚገድል ብልሽት። የሚያሳፍረው ቀለም፣ የተቀደደ ወንበር፣ የማይወርድ መስኮት፣ የማይዘፍን ሬዲዮ ነው። የሚገድለው ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ ባውዛ፣ ቀበቶ ነው። ከዚያ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ለየትኛው ስንት እንዳወጣን ደመርን። ቁጥሩን አንነግራችሁም፣ ያሳፍራል። እናንተም የቤታችሁን ደብተር ገልጣችሁ ደምሩት።

ሸጠን እንገላገል የሚለው ሐሳብም ያን ጊዜ ጣዕሙ ጠፋ። 550 ሺህ ብሩን ተቀብለን ቁልፉን ብንሰጥ፣ ያ ፖምፓ የሌላ ሰው እናት ይዞ ከእንጦጦ ይወርዳል። በከተማችን መኪና አይጣልም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ ከአዲስ አበባም ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል፣ ሁልጊዜም ከእኛ ያነሰ ገንዘብ ወዳለው ሰው። መኪና መቀየር ማለት ብዙ ጊዜ አደጋውን ለሌላ መሸጥ ነው።

ታዲያ ምን ወሰናችሁ ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ የአራቱም እግር ፍሬን ከፖምፓው እስከ ቱቦው በአዲስ ዕቃ ተቀየረ፤ ታላቃችን እዚህ ያልተገኘውን በሻንጣ ላከ። «አሮጌ» የሚለው ቃል ከደብተሩ ተሰናበተ። ሁለተኛ፣ ኮሮላዋ ከሰፈር አትርቅም፤ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ልማዷም ሌሊት ምጥ የያዛትን ጎረቤት ማድረስ። ረጅም መንገድና የእንጦጦ ዳገት ክልክል ነው። ሦስተኛ፣ ለሚቀጥለው መኪና ሦስታችንም በየወሩ የምናዋጣው ዕቁብ ጀመርን። አባባ እንዲከፍሉ አልፈቀድንም፤ እሳቸው በ2000 ዓ.ም. ከፍለው ጨርሰዋል።

የሚቀጥለው መኪና ኤሌክትሪክ መሆኑ አይቀርም። ከተማው ከቢዋይዲውና ከአይዲ 4ቱ ጋር እየተለማመደ ነው። አባባ ግን ስጋት አላቸው፤ «ይሄ እኮ ካንዴላ የለውም፣ ከሶማሌ ተራ ምን ይገዛለታል?» ይላሉ። ስጋታቸው ቀልድ ብቻ አይደለም። አምራቾች ለባትሪው ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ዋስትና ስምንት ዓመት አካባቢ ነው። እኛ ደግሞ መኪና ሃያ ስምንት ዓመት የምንይዝ ሕዝብ ነን። ያ ባትሪ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው «አሮጌ» ብለን ከሌላ ፈትተን እናስርበት ይሆን? ዛሬ የሚገዛው ሁሉ ይህን ጥያቄ አብሮ እየገዛ ነው።

እስከዚያው አርባ ዓመቷ ኮሮላ በራችን ላይ ቆማለች። የሠርጉ ቀለም ዛሬ ተላልጧል፣ የኋላ መስኮቷም አይወርድም። ባለፈው አንድ ዘመዳችን «ይህቺን መኪና አሁንም አልቀየራችኋትም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባባ ከእኛ ቀድመው መለሱ።

«ቀይረናታል እንጂ። ውስጧን ነው የቀየርነው።»