ጉርድ ፎቶግራፍ

በ1974 ዓ.ም. በመምህርነት ተመድቤ ወደ ደሴ በሄድሁ ጊዜ፣ ለግል ማኅደሬ የሚሆን ስድስት ጉርድ ፎቶግራፍ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። የሄድሁበት ፎቶ ቤት ጠባብ ክፍል ነበር። ከበስተኋላ ፏፏቴና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከፊት በሦስት እግር የቆመ ካሜራ፣ ከግድግዳው ምስማር ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮትና ቋጠሮው ሳይፈታ ከአንገት ወደ አንገት የሚተላለፍ ከረባት ነበሩ። ኮቱ ለማን እንደ ተሰፋ እንጃ፤ ወርዱ እኔን መሰል ሁለት ሰው ይይዛል። ፎቶ አንሺው ትርፉን ከጀርባዬ ሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ያዘውና «የሚታየው ፊት ለፊቱ ነው» አለኝ።

አንዱን ቅጂ አሳድጌ ለእናቴ ላክሁላት። ለክረምት ዕረፍት ቤት ስገባ እናቴ ጉንጬን ከሳመች በኋላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ኮትህስ?» አለችኝ። «ላውንድሪ ሰጥቼው ነው የመጣሁ» ብዬ ዋሸሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከደመወዜ አጠራቅሜ ጥቁር ኮት አሰፋሁ። ፎቶግራፉ አስቀድሞ የተናገረውን እኔ ከኋላ ተከትዬ እውነት አደረግሁት ማለት ነው።

ይህን ያስታወሰኝ በእኅቴ ልጅ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ነው። ልጅቱ በሽሮ ሜዳ የአገር ባህል ልብስ መሸጫ አላት፤ ጥለቱንና ጥልፉን ራሷ ትነድፋለች። ሥራዋን በስልክ እያዩ ከዋሽንግተን ድረስ የሚያዝዙ አሉ። ይሁንና በዚያ ሠፈር ሱቁ ብዙ ነው፤ አንዱ የነደፈውን ሌላው በሳምንቱ ይሰቅለዋል። ስለዚህ «ጨርቁን ይሰርቁሻል፤ ፊትሽን ግን ሊሰርቁሽ አይችሉምና ከሥራሽ ጋር መልክሽ ይታወቅ» ብለው መከሯት። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ጥሩ ገንዘብ ከፍላ በዘመናዊ መሣሪያ ወደ ተደራጀ ስቱዲዮ ሄደች።

የእኅቴ ልጅ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጠይም ናት። በግራ ቅንድቧ ላይ በልጅነቷ ወድቃ ያተረፈችው ጠባሳ አለ። ከስቱዲዮው የመጣችው ሴት ግን ነጣ ያለች፣ ቆዳዋ እንደ ሸክላ የተወለወለ፣ ጠባሳም የሌላት ነበረች። ልጅቱ መጀመሪያ ደስ አላት፤ በቢዝነስ ካርዷም፣ በበሯ ማስታወቂያም ላይ አሳተመችው። ከዚያ አንድ ቀን ለልጇ ሠርግ ልብስ ልታዝዝ ከዋሽንግተን የመጣች ወይዘሮ ሱቁ ገብታ ወንበር ሳበችና፣ «ባለቤቷ እስክትመጣ ልጠብቃት» አለች።

«ምን አልሻት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«‹ዛሬ አትመጣም፣ ነገ ይመለሱ› አልኋት። ‹እኔ ነኝ› ለማለት አፈርሁ፣ ጋሼ።»

ማታውን ስልክ ደውላ እውነቱን ነግራታለች። እኔን ግን ያ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ በፎቶግራፍ ተበድሬ የለበስሁትን ኮት ቆይቼ ገዝቻለሁ። እርሷ ያን ፊት ከየት ትገዛዋለች?

ሰው መልኩን ለስሙ ማስጠሪያ ማድረጉ የዛሬ ነገር አይደለም። በፓሪስ ዲዝዴሪ የተባለው ፎቶ አንሺ በ1854 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳህን ላይ ብዙ ምስል የሚያነሳበትን ዘዴ በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ፣ ትንሿ የፎቶግራፍ ካርድ ረክሳ ባለሥልጣኑም ተዋናዩም ይበትናት ጀመር። ከሁሉ አብልጦ ግን ነገሩን የተረዳው ፍሬደሪክ ዳግላስ ይመስለኛል። ዳግላስ በ1838 እ.ኤ.አ. ከባርነት አምልጦ ለጥቁሮች ነጻነት የተሟገተ አሜሪካዊ ነው። ነጮች ሠዓሊዎች ጥቁርን ሲሥሉ መልኩን ያበላሹታል ብሎ ያምን ስለነበረ ፊቱን ለካሜራ ሰጠ፤ እስከ ዛሬ 160 ያህል ልዩ ልዩ ፎቶግራፎቹ ተለይተው ታውቀዋል። በዘመኑ ከነበሩት አሜሪካውያን ከእርሱ የበለጠ የተነሳ አልተገኘም ይባላል። በአብዛኞቹ ፈገግታ የለም። ደስተኛ ባሪያ ተብሎ እንዳይታይ ጥንቃቄ ነበረበት። በእነዚያ ምስሎች ዳግላስ ጥቁር ነው፤ ማንም አላነጣውም።

የእኛው ስቱዲዮ ለምን አነጣ? ግማሹ የአመለካከት፣ ግማሹ የሙያ ጉድለት ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ከፊቱ ስትቀመጥ፣ ነጠላው ሰፊውን ቦታ ስለሚይዝ መለኪያው ብርሃን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ፊቷም ይጨልማል። ያልበሰለ ባለሙያ ያን ጊዜ ፊቱን ብቻ በኮምፒዩተር ጎትቶ ያነጣዋል፤ የሚወጣውም አመድ የነካው መልክ ነው። ፊልሙም ቢሆን በዘመኑ ንጹሕ አልነበረም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያድለው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉታል። የእርሷ ቆዳ ደኅና ከወጣ ቀለሙ ልክ ነው ይባላል። ኩባንያው ጥቁርና እስያዊት ሴቶችንም የጨመረ ካርድ ያወጣው ገና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ልጅቱን በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ሙያውን ወደ ተማሩ አንድ አዛውንት ወሰድኋት። እርሳቸው መብራት አላበሩም። ሰፊው መስኮት ላይ ስስ ነጭ ሻሽ ጋረዱ፤ ፊቷ ወደ ብርሃኑ፣ ነጠላዋ ራቅ ብሎ እንዲውል አድርገው በጎን አስቀመጧት። መለኪያውን ከጉንጯ አጠገብ አድርገው አነበቡ። በጨለመው ወገን ነጭ ወረቀት አቆሙ። ከዚያ ጥልፉንና መርፌውን ሰጧትና «ሥሪ» አሏት።

«አባባ፣ አፍንጫዬ እንዳይገን» አለቻቸው።

«አፍንጫ የሚያሳብጠው ተጠግቶ የሚያነሳ ሰው ነው፣ ልጄ» ብለው በረጅሙ ሌንስ ከሁለት ሜትር በላይ ራቁ።

ቀጥላ ስለ ጠባሳው ጠየቀቻቸው። «ብጉር ቢሆን አጠፋልሽ ነበር፤ በሳምንቱ ይሄዳልና። ይህ ግን ከአንቺ ጋር የኖረ ነው» አሏት። አልተከራከረችም፤ ደስ እንዳላላት ግን ከፊቷ አነበብሁ።

ምስሉ ሲወጣ የጠይም ቆዳ ወዙ፣ በጉንጯ አጥንት ላይ የተንሸራተተው የመስኮት ብርሃን፣ ወደ መርፌው ያዘነበለው ዓይኗ ሁሉ በቦታው ነበር። ዝም ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «አርጅቻለሁ እንዴ?» አለችኝ በመጨረሻ። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም።

በበሯ ላይ ያለው ማስታወቂያ አሁን ተለውጧል። የሚገቡ ደንበኞች ሰላምታውን በቀጥታ ለእርሷ ይሰጣሉ። እኅቴ ግን የፊተኛይቱን፣ ነጣ ያለችውን ሴት በወርቅማ ክፈፍ አድርጋ ሳሎኗ ሰቅላታለች፤ ከእኔ ባለ ኮቱ ጉርድ ፎቶግራፍ አጠገብ። «ሁለቱም አምሮባችኋል» ትላለች፤ አውርጂው ብንላትም እንቢ ብላለች።