መንገዱ የሚያልቅበት መንደር

«ስኪ? የሀብታም ጨዋታ!» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የኛ ግን ጫማውም ስኪውም የኪራይ ነበር። ቦንቫል-ሱር-አርክ በፈረንሳይ ሳቩዋ፣ በሞሪየን ሸለቆ ጫፍ ያለች የድንጋይ መንደር ናት፤ ጣሪያዋ እንኳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ከበላይዋ ያለው የኢዝራን መተላለፊያ፣ 2,764 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋል። መንገዱ እዚያው ያልቃል። ከማዶ ስመ ጥሩው ቫል ዲዜር ሰው ይርመሰመስበታል፤ እዚህ ግን አላፊ አግዳሚ የለም።

ስንቴ እንደወደቅን አትጠይቁን። በሦስተኛው ቀን ግን የገመዱ ወንበር አንጠልጥሎን ሲወጣ ከፊታችንም ከኋላችንም ያሉት ባዶ ነበሩ። ስንወርድ የሚሰማው ስኪያችን በረዶውን ሲፍቅ ብቻ። እሰይ፣ ሰው የለም!

ከታች ወንበሮቹን ለሚቆጣጠሩት አዛውንት ይህንኑ ደስታችንን ነገርናቸው። «ለእናንተ ነዋ» አሉን፤ «እኛ ባዶውንም ማዞር ያው ወጪ ነው።» አፈርን። በደቡብ አልፕስ ሴዩዝ የሚባለው ትንሽ ጣቢያ በረዶ እያጠረው፣ ኪሳራው እየበዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አልተከፈተም፤ በ2023 ብረቱን ይነቅሉት ጀመር። ይህን እያወቅን ነው እሰይ ያልነው!

ከሰዓት በኋላ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ልጆች መጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፍን። አላጉረመረምንም።