ካልሲየም የበዛባቸው አጎታችን

እኛ «ወተት ጠጡ፣ አጥንታችሁ ይጠንክር» እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። ስለዚህ ሐኪሙ «የአጎታችሁ ካልሲየም በጣም በዝቷል» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። አንዳችንማ «ታዲያ ጥሩ አይደል?» ብላ ጠየቀች። (ማን እንደሆነች አንናገርም፤ ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች።)

አጎታችን የእስቴ ሰው ናቸው፤ መካነ ኢየሱስ። ሲጋራ የለመዱት በወትድርና ዘመናቸው ነው። ሳሉ ሲከርምባቸው «ቲቢ ነው» ተባለና የቲቢ መድኃኒት ወሰዱ፤ ሳሉ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ውሃ ጥም መጣ። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ጎረቤት «ስኳር» አለ፤ ተለካ፣ የለም። መዘባረቅ ሲጀምሩ ደግሞ ጠበል ተወሰዱ። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር አድርገን አዲስ አበባ ስናደርሳቸው የገዛ እህታቸውን፣ የእናታችንን ስም ረስተው ነበር።

ውጤቱ፦ ቀኝ ሳንባቸው ላይ ዕጢ፣ ካልሲየም 14። የጤነኛ ሰው ከ8.5 እስከ 10.5 ነው። አንድ ሐኪም (የት እንደሆነ ይቅር) ወረቀቱን አየና «አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ አገራቸው ውሰዷቸው» አለን። እኛም ትኬት ልንቆርጥ ነበር እኮ!

ሌላዋ ሐኪም ግን «አጥንታቸው ታይቷል?» አለች። አልታየም። ታየ፤ ንጹሕ ነው። ያን ጊዜ አስረዳችን። አንዳንድ የሳንባ ካንሰር፣ በተለይ ስኩዌመስ የሚባለው፣ አጥንት ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። እዚያው ሆኖ አንገት ውስጥ ካሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች የሚወጣውን ሆርሞን የሚያስመስል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። አጥንት ይታለልና ካልሲየሙን ያፈሳል፤ ኩላሊትም እንዳይወጣ ይይዘዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ነገሩን የጠረጠረው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፕሮቲኑ ከሳንባ ካንሰር ሴሎች ተለይቶ የወጣው ግን በ1987 እ.ኤ.አ.። ከምግብ የመጣ አይደለም ማለት ነው። (እናታችን ጤፍና ወተት ልትከለክላቸው ተነሥታ ነበር።)

ካልሲየሙ እንዲህ የወጣ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ለቀዶ ጥገና አይደርስም፤ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቷል። የእሳቸው አልተሰራጨም። መጀመሪያ ግን ካልሲየሙ መውረድ ነበረበት፦ ጨው ያለው ግሉኮስ በላይ በላዩ፣ ከዚያ ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር። በአራተኛው ቀን እናታችንን በስሟ ጠሩ።

አሁን ችግሩ የእኛ ሆነ። የበሽታውን ስም ደብቀናቸዋል፤ ለቀዶ ጥገናው ደግሞ ፊርማቸው ያስፈልጋል። ደረታቸው የሚከፈትበትን ምክንያት ምን ብለን እንንገራቸው? ስንማከር ሰሙን መሰለኝ፣ «ልጆቼ፣ ካንሰር ነው አይደል?» አሉን። ሁላችንም ወለሉን አየን።

«እንግዲያው ይውጣ» ብለው ፈረሙ።

የቀኝ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል ወጣ። ካልሲየሙ በቀናት ውስጥ 9.6 ገባ። ዛሬ መካነ ኢየሱስ ናቸው፤ በየጊዜው ባሕር ዳር ወርደው ይመረመራሉ። ካልሲየሙ ተመልሶ ከወጣ ዕጢው ተመልሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ውጤት በሚወጣበት ቀን ማናችንም ደህና ሥራ አንሠራም።

ባለፈው ሳምንት ደወሉና በወሬ መሃል «ዛሬስ ውሃ ጥሙ ገደለኝ» አሉ። ስልኩ በላውድ ስፒከር ነበር፤ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ለካ ጨው የበዛበት የሽምብራ ቆሎ ሲቆረጥሙ ውለው ነው።