ስማችን የጥያቄ ምልክት ሲሆን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ በርበሬ ፈልጎ ጨው ተራ የሚቆም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የኛ አገር ሰው በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ በቆሎው በእህል ተራ እንደሚገኝ ሳይነገረው ያውቃል። ዊንዶውስ የሚባለውም ገበያ እንደዚሁ በየተራው የተከፋፈለ ነው። ክፋቱ፣ የተራዎቹ ስም ለእንግዳ ሰው አይገባም።

ነገሩ ትዝ ያለኝ በአንድ ወዳጄ ምክንያት ነው። ልጁ ቡሬ ላይ ለአንድ እህል ነጋዴ የደረሰኝ ማተሚያ ፕሮግራም ሠራ። ገበሬው በቆሎውን ያስረክባል፤ ፕሮግራሙ ስሙን፣ ኩንታሉንና ዋጋውን አትሞ ይሰጠዋል። ግሩም! ወረቀቱ ሲወጣ ግን በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። አንድ አባት ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ማን እንደሆንኩ ነው የምትጠይቀኝ?» አሉት።

ቀልዱ ያስቃል፣ ነገሩ ግን አያስቅም። «አበበ» ሦስት ፊደል ነው፤ «ከበደ»ም ሦስት ፊደል ነው። ሁለቱም «???» ሆነው ከወጡ የማን እህል የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ሒሳቡ በኋላ የሚከፈል ከሆነማ አስቡት።

ስሙ መዝገቡ ውስጥ ደህና ነበር፤ የጠፋው መንገድ ላይ ነው። ልጁ የሠራበት ቪዥዋል ቤዚክ 6 የ1998 እ.ኤ.አ. ዕቃ ነው፤ የራሱ የማተሚያ ትእዛዝ ዩኒኮድ አያውቅም። ስለዚህ የዊንዶውስን ፈንክሽን በቀጥታ መጥራት ግድ ሆነ። ለመጥራት ደግሞ ሁለት ነገር መጻፍ አለባችሁ፦ የፈንክሽኑን ስም፣ እና የሚገኝበትን ዲኤልኤል ፋይል። ስሙን «ቴክስት አውት» ብሎ አገኘ። ፋይሉን ዩዘር 32 ብሎ ገመተ። መልሱ ስህተት ቁጥር 453 ሆነ፤ በአማርኛ «እዚህ ቤት እንዲህ የሚባል ሰው የለም» እንደማለት ነው። ይኼኔ ነው ስልክ የደወለልኝ።

ተራዎቹ በግርድፉ እንዲህ ናቸው። ፋይልና ሜሞሪ ከከርነል 32፣ መስኮትና የመልእክት ሳጥን ከዩዘር 32፣ ሥዕልና ጽሑፍ ማሳረፍ ከጂዲአይ 32፣ ሬጅስትሪ ከአድቫፒአይ 32። ይኼ ለመገመት ይረዳል፤ ግምት ግን ማስረጃ አይሆንም። ማይክሮሶፍት ለእያንዳንዱ ፈንክሽን ባዘጋጀው ማብራሪያ ግርጌ ላይ አንዲት ሠንጠረዥ አለች። ብዙዎቻችን ሳናያት የምናልፋት እሷን ነው፤ የዲኤልኤሉ ስም እዚያ ተጽፏል። ኢንተርኔት ጠፋ? እንግዲያው ፋይሉን ራሱን ጠይቁት። ዲፔንደንሲ ዎከር ወይም ደምፕቢን የሚባሉት መሣሪያዎች አንድ ዲኤልኤል ለውጭ ጠሪ የሚያቀርባቸውን ስሞች በሙሉ ይዘረዝሩላችኋል።

የጂዲአይ 32ን ዝርዝር ሲከፍት ልጁ ይበልጥ ግራ ተጋባ። «ቴክስት አውት» የሚባል ስም እዚያም የለም! ያሉት «ቴክስት አውት ኤ» እና «ቴክስት አውት ደብሊው» ናቸው። ማብራሪያው ላይ የሚነበበው የወል ስም ነው፤ ትክክለኛው ስም መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ይጨምራል። የኛም ዕጣ ያለው በዚያች ፊደል ላይ ነው። «ኤ» የሚሠራው በኮምፒውተሩ የድሮ የፊደል ሠንጠረዥ ነው። በዊንዶውስ የድሮ ሠንጠረዦች ውስጥ ለግዕዝ ፊደል የተሠራ የለም፤ ስለዚህ ፊደላችን በጥያቄ ምልክት ይተካል። «ደብሊው» ግን በዩኒኮድ ይሠራል፤ ፊደላችን ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ።

በቪዥዋል ቤዚክ 6 አንዲት ወጥመድ ትቀራለች። ጽሑፉን በቀጥታ ካቀበላችሁት፣ ደብሊው ጋር ሳይደርስ መንገድ ላይ ወደ ድሮው ሠንጠረዥ ይቀይረዋል። «ስትር ፒቲአር» በሚባለው በኩል የጽሑፉን የሜሞሪ አድራሻ ብቻ ስጡት።

ሳጥንና የጥያቄ ምልክትንም አታምታቱ። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታያችሁ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ፎንት ነው፤ ፊደሉ በሕይወት አለ፣ ፎንቱን ስትጭኑ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ሞቷል። እንደዚያው ሆኖ መዝገብ ውስጥ ከገባ ደግሞ «???»ን መልሶ አበበ የሚያደርግ ጠበል የለም።

ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዊንዶውስ 10 ላይ አንድ ፕሮግራም «እኔ ዩቲኤፍ 8 ነኝ» ብሎ ማስመዝገብ ይችላል፤ ያኔ «ኤ»ም በአብዛኛው አማርኛ ይገባዋል። ጥሩ ነው። ግን አሮጌ ኮምፒውተርና አሮጌ ፕሮግራም በየመጋዘኑ አሁንም አለ።

እናም ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች፣ ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊት በላቲን ፊደል «ቴስት» ብላችሁ ብቻ አትርኩ። «ጥሩወርቅ» ብላችሁ ሞክሩ፤ «ዓለምፀሐይ» ብላችሁ ሞክሩ። ገበሬው ሰዓታት በእግሩ ተጉዞ ያመጣውን እህል አስረክቦ ሲመለስ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችው ወረቀት ቢያንስ ስሙን ትወቅለት።