የጃፓን ገበታና የእኛ መሶብ

ወገኖች፣ ጃፓን ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ቶዮታ ነው፤ መሥሪያ ቤት የዋለ ደግሞ ካይዘንን ይጨምራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። ከዚያ ሕዝብ ሥራን እንማር የሚል ብዙ ነው፤ አበላልን እንማር ያለ ግን አልሰማንም። ወልድያ ላይ የማክሰኞ ገበያ ከተበተነ በኋላ ለጸሎትና ለቃሉ በምንሰበሰብባት የባለትዳሮች ኅብረታችን ግን ሰሞኑን ያነጋገረን ይኸው ሆነ።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ከመካከላችን አንድ ባልና ሚስት በአንድ ገበታ መብላት ካቆሙ ወራት አልፈዋል። እርሱ ከሥራ ሲመለስ ምግቡ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል፤ እርሷ ከልጆቹ ጋር ቀድማ በልታለች። በእኛ አገር ሰው መጣላቱን በአፉ ባይናገር መሶቡ ይናገርበታል። ሽማግሌ ገብቶበታል፣ ተጸልዮበታል፤ ነገሩ ግን አልላላም።

በዚህ መካከል አንዲት እህታችን ስለ ጃፓኖች አበላል ያነበበችውን አካፈለችን። ከመብላታቸው በፊት «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ «በትሕትና እቀበላለሁ» እንደ ማለት ነው። ሲጨርሱ ደግሞ «ጎቺሶሳማ» ይላሉ። በዚህኛው ቃል ውስጥ መሮጥ፣ ወዲያ ወዲህ ማለት የሚል ሐሳብ አለበት፤ ምግቡን ለማቅረብ ላይ ታች ያለውን ሰው ማመስገኛ ነው።

አንዳንዶቻችን ጥያቄ አነሣን፤ ተገቢም ነበር። የመጀመሪያውን ቃል ከቡድሃ እምነት ጋር የሚያያይዙት አሉ። እኛ የምናመሰግነው ሰጪውን ጌታ ስለሆነ ቃሉን መዋስ አያስፈልገንም። ሁለተኛው ግን ልባችንን ነካው። ለእንጀራው ጌታን አመስግኖ፣ ጭስ ውስጥ ቆማ የጋገረችውን ሳያዩ ከገበታ መነሣት ይቻላልና። ደግሞ ለዚህ የራሳችን ቃል አለን፦ «እጅሽ ይባረክ»። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሁሉ ነገር ይገጥማል ማለት አይደለም። ጃፓን ውስጥ በሚበሉባቸው ቀጫጭን እንጨቶች ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት መቀባበል ነውር ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን የሚቀባበሉት እንዲያ ስለሆነ። እኛ ዘንድ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እንዲያውም አንዱ ያጣላል ተብሎ ይደገማል።

በኦኪናዋ «ሃራ ሃቺ ቡ» የሚሉት ምክርም አለ፤ ከአሥር ስምንት እጅ ስትጠግብ አቁም ማለት ነው። የ1966ቱን ረሃብ ለሚያስታውስ የወሎ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። በኅብረታችን ያሉ አንድ አባት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «የቀረው ሁለት እጅ ለማን ነው?» አሉ። ለጤና ነው ብንላቸው አላረካቸውም። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11ን አስከፈቱን፤ አንዱ ተርቦ ሌላው የሚሰክርበትን ማዕድ ጳውሎስ እንዴት እንደ ገሠጸ አነበብን። በዚያው ሳምንት ከማሽላ እንጀራውም፣ ከመርሳ ከመጣው ማንጎም ወደ ጎረቤት የተላከ ነበር። (በወሎ ሥጋ ቢለያየንም ማንጎና ቡና አይለያየንም።)

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ማንም ይህን አድርጉ አላላቸውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባልየው ራሱ ነገረን። የተሸፈነለትን ምግብ ይዞ እርሷ ወዳለችበት ማዕድ ቤት ገባ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በላ፤ ሲጨርስ «እጅሽ ይባረክ» አላት። መልስ አልሰጠችውም። በማግስቱም ደገመው፤ ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ዕቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አሜን» አለች።

እስከ ዛሬ በአንድ ትሪ አልበሉም። ልጆቹ ግን አባታቸው እስኪገባ ራት አንበላም ማለት ጀምረዋል። ስማቸውን ጌታ ያውቃልና፣ እባካችሁ ጸልዩላቸው።